ሮዊንግ ማሽን ላይ «ልቤ 178 ገባ» ለምትሉኝ ሁሉ፦ የልብ ምት እየለኩ ጠንክሮ የመቅዘፍ መመሪያ

ደሴ ላይ ጂም ውስጥ ነው ምውለው፣ እና ይሄ ጥያቄ ሳይመጣብኝ ያለፈ ሳምንት አላስታውስም። ሰውየው ከሮዊንግ ማሽኑ (ተቀምጠው እጀታ እየጎተቱ እንደ ጀልባ ሚቀዝፉበት) ላይ ላቡ እየተንጠባጠበ ይወርድና እጁን ዘርግቶ ሰዓቱን ያሳየኛል፣ «178 ይላል፣ ደህና ነኝ?» ሌላዋ ደሞ በተቃራኒው «እንደዛ ጎትቼ ጎትቼ 112፣ የተበላሸው ሰዓቱ ነው እኔ?» ትለኛለች። መብራት የጠፋ ቀን ይብሳል። ትሬድሚሉ ቀጥ ይላል፣ ሮዊንጉ ግን በራሳችሁ ጉልበት ስለሚሠራ አይቆምም፣ ስለዚ ሰው ሁሉ ወደሱ ይጎርፍና አጎታተቱን ሳያውቅ ቁጭ ብሎ ያለ የሌለ ኃይሉን ያወጣል፣ ከ3 ደቂቃ በኋላ ፊቱ ገርጥቶ እኔ ጋ ይመጣል።

አጭሩ መልስ፦ በደቂቃ 178 ምት ብቻውን ምንም አይነግረኝም። ለ22 ዓመት ልጅ ጥሩ ጠንካራ ልምምድ ነው፣ ለ58 ዓመት ሰው ግን በጣም ብዙ ነው ወይም ሰዓቱ ዋሽቷል። ቁጥሩ ትርጉም ሚሰጠው ከራሳችሁ ሶስት ቁጥሮች ጋር ስታዩት ነው፦ ተኝታችሁ ስንት ይመታል፣ ጣራችሁ (ልባችሁ መምታት ሚችለው ከፍተኛው) ስንት ነው፣ ፍጥነት ስትቀንሱ በአንድ ደቂቃ ውስጥ በስንት ይወርዳል። ከታች ያለው እነዚህን ሶስቱን አግኝታችሁ እንዴት እንደምትቀዝፉበት ነው።

መጀመሪያ ይሄን፣ ሳትዘሉ

ከታች ካሉት ውስጥ ያለ ሰው ሐኪም ሳያይ ጠንካራውን ልምምድ አይጀምር። ቀላሉን እንኳ ጠይቆ ነው።

- ልጅ እያለ መገጣጠሚያው እያበጠ ትኩሳት ታሞ በኋላ «የልብ ቫልቭ ችግር አለብህ» የተባለ፣ ወይም ለዚሁ ብሎ በየወሩ የፔኒሲሊን መርፌ ሚወጋ። እኛ ሀገር ይሄ ወጣት ላይ በብዛት ያለ ነገር ነው፣ «ወጣት ነኝ ምንም አልሆንም» አይሠራም።
- ደም ግፊት ወይም ስኳር ያለበት፣ እርጉዝ የሆነች፣ ወይም ከ40 አልፎ ስፖርት ሚባል ነክቶ ማያውቅ።
- ዳገት ሲወጣ ደረቱን ሚጨንቀው፣ ስፖርት መሀል ራሱን ስቶ ሚያውቅ፣ ወይም ከቤተሰቡ በወጣትነቱ ድንገት የሞተ ሰው ያለው።
- እንቅርት ኖሮበት ልቡ ያለምክንያት ሚመታበት፣ ወይም ደም ማነስ ያለበት። ሁለቱም ምቱን ከፍ ያደርጉታል።
- ፕሮፕራኖሎል፣ አቴኖሎል፣ ሜቶፕሮሎል ሚወስድ። እነዚህ መድኃኒቶች ልብ ምትን ይዘው ያስቀራሉ፣ የፈለጋችሁትን ብትጎትቱ ቁጥሩ አይወጣም፣ እሱን ለማስወጣት ስትታገሉ ነው ምትጎዱት። ለእናንተ ከታች ያሉት ቁጥሮች አይሠሩም፣ ሐኪማችሁን ጠይቁ፣ ከፈቀደላችሁም ትንፋሻችሁን ነው ምትከተሉት።

ሚያስፈልጋችሁ ነገር

- ሮዊንግ ማሽን። ስክሪኑ በባትሪ ድንጋይ ሚሠራ ከሆነ ትርፍ ይኑራችሁ፣ ግማሽ ላይ ሲጠፋ ያናድዳል።
- የደረት ቀበቶ፣ ካልሆነ ክንድ ላይ ሚታሰር መለኪያ፣ እሱም ካልሆነ ጣታችሁና ሰከንድ ሚቆጥር ሰዓት። በጣት መቁጠር ነፃ ነው፣ በደንብ ከተሠራ ከርካሽ ሰዓት ይሻላል።
- ደብተርና እስክሪብቶ። ስልክ ላይ መጻፍ ይቻላል ግን ላብ በላብ እጅ ስክሪን አይታዘዝም።
- ውሃና ፎጣ።
- ሰውነት ላይ ጠበቅ ያለ ልብስ። ረጅም ሰፊ ቲሸርት መቀመጫው ስር ካለው ጎማ ጋር ይጠመጠማል፣ ስንቱን ቲሸርት ነው በመቀስ ያወጣነው።
- ለመጀመሪያው ጠንካራ ቀን አብሯችሁ ሚሆን ሰው።

ደረጃ 1፦ ተኝታችሁ ያለውን ምት ለኩ

ጠዋት ስትነቁ፣ ከአልጋ ሳትነሱ፣ ስልክ ሳትከፍቱ፣ በተለይ ደሞ ከቡና በፊት። ሁለት ጣታችሁን (ጠቋሚና መሀል) ከአውራ ጣት ስር የእጅ አንጓ ላይ ለስለስ አድርጋችሁ አስቀምጡና 60 ሰከንድ ሙሉ ቁጠሩ። በአውራ ጣት አትቁጠሩ፣ እሱ የራሱ ትርታ ስላለው ያሳስታችኋል። አምስት ጠዋት ቆጥራችሁ ደምሩና ለ5 አካፍሉ።

አዋቂ ሰው ላይ ከ60 እስከ 100 ያለው የተለመደ ነው፣ ብዙ የሠለጠነ ሰው ከ60 በታች ሊሆን ይችላል። ለምን ያስፈልጋል ብትሉ፣ አንደኛ ደረጃ 2 ላይ ለስሌት ትፈልጉታላችሁ፣ ሁለተኛ ይሄ ቁጥር የቀኑን ሁኔታ ይነግራችኋል። ሁሌ 64 የነበረው አንድ ጠዋት 75 ካለ ወይ አልተኛችሁም፣ ወይ ውሃ አንሷችኋል፣ ወይ በሽታ እየመጣ ነው። የዛን ቀን ጠንካራ ልምምድ የለም። ኮምቦልቻ ያላችሁ ደሞ በወባ ሰሞን ይሄን ቀለል አታድርጉት፣ ትኩሳት ሳይታወቃችሁ በፊት ምቱ ቀድሞ ሊወጣ ይችላል፣ ትኩሳት ይዞ መቅዘፍ ደሞ ልብን በሁለት በኩል ማስጨነቅ ነው።

ደረጃ 2፦ ጣራችሁን ገምቱና የምት ክልላችሁን (ከስንት እስከ ስንት እንደምትቀዝፉ) አስሉ

ሁሉም ሚያውቃት «220 ሲቀነስ ዕድሜ» ናት። እኔ ምጠቀመው ሌላኛውን ነው፦ 208 ሲቀነስ (0.7 ሲባዛ በዕድሜ)። 40 ዓመት ላይ ሁለቱም 180 ይሰጣሉ፣ 20 ዓመት ላይ ግን የመጀመሪያው 200 ሲል ሁለተኛው 194 ይላል፣ 60 ላይ ደሞ 160 እና 166። የመጀመሪያው ወጣቱን ከፍ አድርጎ ትልቁን ሰው ዝቅ ያደርገዋል።

አሁን በጣም ወሳኙ ነገር፦ ሁለቱም አማካይ ናቸው። የእናንተ እውነተኛ ጣራ ከዚህ በ10፣ በ12 ከፍም ዝቅም ሊል ይችላል፣ ያ ማለት በሽታ አደለም፣ ተፈጥሯችሁ ነው። ስለዚ አንዱ 30 ዓመቱ ሆኖ 195 ቢገባ ጓደኛው ደሞ በዛው ዕድሜ 178 ላይ ቢያልቅበት የተለመደ ነው፣ አትፎካከሩ። ሌላው፣ ሮዊንግ ላይ ተቀምጣችሁ ስለሆነ ለብዙ ሰው ጣራው ከሩጫው ትንሽ ዝቅ ይላል፣ ሩጫ ላይ 190 ያየ ሰው እዚህ 185 ቢያይ ደክሞ አደለም።

ስሌቱ እንዲህ ነው። ጣራ ሲቀነስ የተኙበት ምት፣ የቀረውን በፐርሰንቱ አባዙ፣ ከዛ የተኙበትን መልሳችሁ ደምሩ። ምሳሌ፦ 35 ዓመት፣ ተኝቶ 65። ጣራ 184። 184 ሲቀነስ 65፣ 119።

- 60 ፐርሰንት፦ 136
- 70 ፐርሰንት፦ 148
- 80 ፐርሰንት፦ 160
- 90 ፐርሰንት፦ 172

ለዚህ ሰው ከ136 በታች ማሟሟቂያ ነው፣ ከ136 እስከ 148 እያወራ ሚቀዝፍበት፣ ከ148 እስከ 160 መሀከለኛ፣ ከ160 እስከ 172 ጠንካራው፣ ከዛ በላይ ለአጭር ጊዜ ብቻ። ከ65ቱ ጋር ማስላት ያስፈለገው ተኝቶ 50 ሚመታ ሰውና ተኝቶ 80 ሚመታ ሰው 140 ላይ አንድ ዓይነት ድካም ስለሌላቸው ነው። የራሳችሁን አስሉና ደብተሩ የመጀመሪያ ገጽ ላይ በትልቁ ጻፉት፣ እዛ ላይ ተቀምጦ በላብ ውስጥ ሂሳብ ሚሠራ ሰው የለም።

ደረጃ 3፦ መለኪያውን በትክክል እሰሩ

ከሚመጡልኝ «ልቤ ታሟል» ውስጥ ስንቱ የመለኪያ ጉዳይ እንደሆነ ብነግራችሁ ትስቃላችሁ። ስለዚ እዚህ ላይ ቆይ ልበል።

የደረት ቀበቶው ልብ ሚያመነጨውን ኤሌክትሪክ ነው ሚያነበው፣ ስለዚ ቆዳ ሚነካው ጥቁሩ ክፍል እርጥብ መሆን አለበት። ውሃ ቀቡት፣ ከደረት ጡንቻ ስር (ሴቶች ከጡት መያዣው መስመር ስር) አስጠግታችሁ እሰሩ፣ በጥልቅ ስትተነፍሱ እንዳይንሸራተት። ደሴ ላይ ጠዋት ብርዱና ደረቁ አየር አለ፣ ደረቅ ቀበቶ አስራችሁ ብትጀምሩ ላብ እስኪመጣ ድረስ አንዴ 210 አንዴ 60 እያለ ያስደነግጣችኋል።

የእጅ ሰዓት ሌላ ነው። አረንጓዴ መብራት ቆዳ ውስጥ ልኮ የደሙን መመላለስ ነው ሚያየው። ሮዊንግ ላይ ደሞ እጀታውን ጨብጣችኋል፣ አንጓችሁ በየጉተታው ይታጠፋል፣ ጡንቻው ይጠብቃል፣ ሰዓቱ ይንቀሳቀሳል፣ እጃችሁ ከቀዘቀዘም ደሙ ወደ ቆዳ በደንብ አይመጣም። ውጤቱ ያቺ 112 ናት። ግዴታ በሰዓት ከሆነ ከአንጓው አጥንት ሁለት ጣት ያህል ወደ ላይ አውጥታችሁ ጠበቅ አድርጉት። ክንድ ላይ ከክርን በላይ ሚታሰረው አይነት ይሻላል፣ እዛ መታጠፍ ስለሌለ።

ማረጋገጫ፦ ጠንከር ብላችሁ 2 ደቂቃ ቅዘፉ፣ እጀታውን ልቀቁ፣ ወዲያው ለ10 ሰከንድ በጣት ቁጠሩና በ6 አባዙ። ለምን 10 ብቻ? ጉተታው እንደቆመ ምቱ መውረድ ስለሚጀምር፣ 60 ሰከንድ ከቆጠራችሁ የቆጠራችሁት የማረፉን ነው። ሰዓቱ ሲጀምር የምትሰሙትን የመጀመሪያ ምት «ዜሮ» በሉት እንጂ «አንድ» አትበሉት፣ በ6 ሲባዛ ያቺ አንዷ ስህተት 6 ትሆናለች። አንገት ላይ ምትቆጥሩ ከሆነ በአንድ በኩል ብቻ፣ ሳትጫኑ። ሁለቱንም በኩል መጫን ራስ ሊያስት ይችላል፣ በቀልድም አይደረግ። የጣቱና የመለኪያው ልዩነት ከ10 በላይ ከሆነ መለኪያውን አትመኑት።

ደረጃ 4፦ ማሽኑን አስተካክሉ

የነፋስ ማሽን ከሆነ ጎኑ ላይ ከ1 እስከ 10 የተጻፈበት ዳምፐር (ሚገባውን አየር ሚቆጣጠር ማንሻ) አለ። ሰው ሁሉ 10 ላይ ያደርገዋል፣ ጀግንነት መስሎት። 3 እና 5 መሀል አድርጉት። 10 ላይ እያንዳንዱ ጉተታ ከባድና ቀርፋፋ ይሆናል፣ ልብ ገና ሳይሠራ ወገብና ክንድ ቀድመው ያልቃሉ። ስክሪኑ ድራግ ፋክተር (አየሩ ጉተታውን ምን ያህል እንደሚከብደው ሚለካ ቁጥር) ሚያሳይ ከሆነ ከ100 እስከ 130 መሀል ይሁን፣ ቀለል ያለ ሰውነት ያለው ወደ ታችኛው። ይሄን ምላችሁ በተለይ ደሴም ኮምቦልቻም ለምትሠሩ ነው፦ ደሴ ወደ 2,500 ሜትር አካባቢ ነች፣ ኮምቦልቻ 1,850 ገደማ፣ ደሴ ላይ አየሩ ስለሚሳሳ ያው 4 ቁጥር ላይ ያለ ማሽን ትንሽ ቀለል ይላል። የዳምፐሩን ቁጥር አትሸምድዱ፣ ስክሪኑን እዩ።

የእግር ማሰሪያው የእግራችሁ ሰፊው ቦታ ላይ ይምጣ። ስትጎትቱ እግር፣ ከዛ ጀርባ፣ ከዛ ክንድ። ስትመለሱ ክንድ፣ ጀርባ፣ እግር። መመለሻው የመጎተቻውን እጥፍ ጊዜ ይውሰድ፣ አንድ ብላችሁ ጎትቱ፣ ሁለት ሶስት እያላችሁ ተመለሱ። ይሄ ከልብ ምት ጋር ምን አገናኘው ካላችሁ፣ እየተጣደፋችሁ ወደፊት ስትመለሱ ፍጥነት ሳትጨምሩ ልባችሁን ብቻ ነው ምታስሮጡት። ስክሪኑ ላይ በደቂቃ 34 ጉተታ ይላል፣ 500 ሜትሩን ሚጨርሱበት ጊዜ ግን 24 ሲጎትቱ ከነበረው አይሻልም። ይሄ ነው ባዶ ድካም ሚባለው።

ትንፋሽ፦ ስትጎትቱ አውጡ፣ ስትመለሱ አስገቡ። ትንፋሽ ይዞ መጎተት ደም ግፊቱን ያዘልለዋል፣ ሲለቁት ደሞ ያዞራል።

ደረጃ 5፦ 10 ደቂቃ ማሟሟቂያ

4 ደቂቃ በደቂቃ 18 ጉተታ፣ 3 ደቂቃ በ20፣ የቀረው 3 ደቂቃ ውስጥ ሶስት ጊዜ 10 ጠንካራ ጉተታ፣ መሀል መሀሉን ቀስ። በዚህ ጊዜ ምሳሌያችን ያልነው ሰው መጨረሻ ላይ 130ዎቹ ውስጥ ይገኛል። ማሟሟቂያ ሳይሠሩ በቀጥታ ጠንካራ መጎተት ጡንቻው ገና ደም ሳይደርሰው ማሠራት ነው፣ ምቱም ቀስ ብሎ በመውጣት ፈንታ ይዘላል። ክረምት ላይ ደሴ ጠዋት 12 ሰዓት ተኩል ምትሠሩ ጃኬታችሁን ማሟሟቂያው እስኪያልቅ አታውልቁ።

ደረጃ 6፦ መጀመሪያ ሁለት ሳምንት ጠንካራ የለም

ይሄን ደረጃ ማንም አይወደውም። በሳምንት ሶስት ቀን፣ 20 ደቂቃ፣ በ18 እስከ 20 ጉተታ፣ ከ60 እስከ 70 ፐርሰንቱ መሀል። ምልክቱ ሙሉ ዓረፍተ ነገር እያወራችሁ መቅዘፍ መቻል ነው። መድኃኒት ምትወስዱት እናንተም ሐኪም ከፈቀደ በዚሁ ነው ምትሠሩት።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ታያላችሁ። 5ኛው ደቂቃ ላይ 138 ነበረ፣ 20ኛው ላይ 148፣ ፍጥነታችሁ ግን ያው ነው። ልብ አልተበላሸም። ሰውነት ሲሞቅ ደም ለማቀዝቀዝ ወደ ቆዳ ይሄዳል፣ በላብ ውሃ ይወጣል፣ ስለዚ በአንድ ምት ሚረጨው ደም ትንሽ ይቀንስና ልብ በቁጥር ያካክሰዋል። ኮምቦልቻ ከሰዓት በሙቀቱ ስትሠሩ ይሄ ነገር ጎልቶ ይወጣል፣ በር መስኮት ክፈቱ፣ ልምምዱን ከመጀመራችሁ በፊት ውሃ ጠጡ፣ ቁጥሩ ከክልሉ ካለፈ ፍጥነት ቀንሱ።

ለምን ሁለት ሳምንት? በ20 ደቂቃው ቅዘፋ 500 ሜትር በስንት ጊዜ እንደምትጨርሱ ማወቅ ስላለባችሁ ነው፣ ጠንካራው ልምምድ ከሱ ነው ሚነሳው። ምሳሌ 2 ደቂቃ ከ30 ሰከንድ ነበር እንበል።

ደረጃ 7፦ ጠንካራው

ለጀማሪ፦ 1 ደቂቃ ጠንከር፣ 2 ደቂቃ ቀስ፣ 6 ጊዜ። ይሄን ሁለት ሳምንት ሠርቶ የለመደ ወደ ዋናው ይግባ፦ 4 ደቂቃ ጠንከር፣ 3 ደቂቃ ቀስ፣ 4 ጊዜ።

እና አሁን የሁሉ ስህተት እናት። ሰውየው ይጀምራል፣ 40ኛው ሰከንድ ላይ ቁጥሩን ያያል፣ 140። «ገና ነኝ» ይልና ይጨምራል። 1 ደቂቃ ላይ 150፣ «ገና ነኝ»፣ ይጨምራል። 2 ደቂቃ ከ30 ላይ 180 ገብቶ ዓይኑ ይፈጣል፣ እኔ ጋ ይመጣል። ልብ ከጡንቻ ኋላ ነው ሚደርሰው፣ አሁን የጎተታችሁት ቁጥር ሆኖ ሚታየው ቆይቶ ነው። ከኮምቦልቻ ደሴ ሚወጣ የጭነት ሹፌር የሀረጎን ዳገት ከታች ጀምሮ ቤንዚን ረግጦ አይወጣውም፣ መሀል ላይ ሞተሩ እንደሚፈላበት ያውቃል። እንደሱ ነው።

ስለዚ የመጀመሪያውን 2 ደቂቃ ልብ ምቱን ጭራሽ አትዩ (ስክሪኑን በፎጣ ሸፍኑ ብዬ ያስገደድኳቸው አሉ)፣ 500 ሜትሩን ጊዜ ብቻ ያዙ። ቀስ ስትሉ 2፡30 ከነበረ 2፡15 አካባቢ ጀምሩ፣ በደቂቃ ከ24 እስከ 28 ጉተታ። ከ2 ደቂቃ በኋላ ቁጥሩን እዩ። ለምሳሌያችን ሰው ሸጋ የሚባለው 4 ደቂቃ እንዲህ ነው ሚመስለው፦ 1ኛው ደቂቃ ሲያልቅ 146፣ 2ኛው 158፣ 3ኛው 165፣ 4ኛው 169። ከ172 ካለፈ ሚቀጥለውን ዙር በ3፣ በ4 ሰከንድ አዘግዩት። 160 ካልደረሰ በ2 ሰከንድ አፍጥኑ። የመጀመሪያው ዙር ሁሌ ዝቅ ይላል፣ በሱ አትፍረዱ፣ 3ኛውንና 4ኛውን ነው ምትመዝኑት።

ስሜታችሁም ይስማማ። ጠንካራው ላይ ሁለት ሶስት ቃል ነው መናገር ሚቻለው። ሰዓቱ 125 እያለ እናንተ አንድ ቃል ማውጣት ካቃታችሁ፣ ትንፋሻችሁን እመኑ።

ደረጃ 8፦ መሀል ላይ አትቁሙ

በዙሮቹ መሀል እግር ሳትፈቱ በጣም ቀስ ብላችሁ መጎተት ቀጥሉ። ዘሎ መነሳት የለም። ጠንክራችሁ ስትሠሩ የእግር ጡንቻ ደሙን ወደ ልብ እየገፋ ይመልሳል፣ ድንገት ስትቆሙ ደሙ እግር ላይ ይቀርና ጭንቅላት ይጎድልበታል፣ ያዞራል፣ ይጥላል። ቀስ እያላችሁ 3 ደቂቃው ሲያልቅ ምሳሌያችን ሰው 140 አካባቢ ወይ ከዛ በታች ወርዶ መሆን አለበት። ካልወረደ አንድ ደቂቃ ጨምሩ፣ አሁንም ካልወረደ የዛሬው በቃ። አራቱን ካልጨረስኩ ብሎ ግትር ማለት ምንም አይጨምርም።

ደረጃ 9፦ የአንድ ደቂቃዋ ቁጥር

የመጨረሻው ዙር ባለቀበት ሰከንድ ምቱን ያዙ፣ ቀስ እያላችሁ ልክ 1 ደቂቃ ቆጥራችሁ እንደገና ያዙ። 169 ነበር፣ 141 ሆነ፣ ልዩነቱ 28። ደብተሩ ላይ ጻፉ። ለኔ ከሁሉም ቁጥር ይቺ ትበልጣለች፣ ብቃታችሁ ሲጨምር እያደገች ትሄዳለችና። በትክክል ለክታችሁም በተደጋጋሚ 12 ወይም ከዛ በታች ከሆነች ግን ደብተሩን ይዛችሁ ሐኪም ጋ ሂዱ፣ ለሐኪሙም ጥሩ መረጃ ነው።

ከዛ 8 ደቂቃ ቀስ ብላችሁ ቅዘፉ፣ ምቱ 110 አካባቢ እስኪወርድ። ውሃ ጠጡ። ወዲያው በጣም ሙቅ ሻወር ውስጥ አትግቡ፣ እሱም ያዞራል።

ደጋግሜ ማያቸው ስህተቶች

ቡና። አቦል፣ ቶና፣ በረካ ጠጥቶ በግማሽ ሰዓት ውስጥ ጠንካራ ልምምድ፣ ከዛ «ዛሬ ልቤ ለምን እንዲህ ሆነ»። አንዳንዱን ሰው ምንም አያደርገውም፣ አንዳንዱን ያስመታዋል። እናንተ የትኛው እንደሆናችሁ ደብተሩ ይነግራችኋል፣ የጠጣችሁበትን ቀን ምልክት አድርጉበት።

ጫት ግን ሌላ ነው፣ እዚህ ቀልድ የለም። ውስጡ ያለው ካቲኖን ሚባለው ነገር ብቻውን ልብ ምትንም ደም ግፊትንም ከፍ ያደርጋል፣ ምርቃና ላይ ድካም ስለማይሰማ ደሞ መቆም ያለባችሁ ቦታ አትቆሙም። ቅማችሁ መጥታችሁ ከሆነ ማሽኑ ላይ አትቀመጡ፣ በማግስቱም ሳይተኙ አድረው ከሆነ ቀላሉን ብቻ።

ጾም። ረመዳን ላይ ከአፍጥር በፊት ጠንካራ መሥራት ሚፈልጉ አሉ፣ ቀኑን ሙሉ ውሃ ሳይገባ ምቱ በቀላሉ ይወጣል። ከአፍጥር በፊት ከሆነ ቀላሉን 20 ደቂቃ፣ ጠንካራውን ካፈጠራችሁ ከሁለት ሰዓት በኋላ። እስከ 9 ሰዓት ምትጾሙትም ያው ነው፣ በልታችሁ ጠጥታችሁ ቆይታችሁ።

ኮምቦልቻ እየሠሩ ደሴ መጥቶ ያንኑ ፍጥነት መጠበቅ። መንገዱ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ቢሆንም ከፍታው ወደ 650 ሜትር ይጨምራል፣ ኦክስጅኑ ይቀንሳል፣ ልብ ለዛው ሥራ ብዙ ይመታል። የመጀመሪያዎቹን ቀናት በምቱ ሂዱ፣ ፍጥነቱ ሁለት ሶስት ሰከንድ ቢዘገይ አትቆጡ። አንድ ጋሼ ከኮምቦልቻ መጥተው «ማሽናችሁ ተበላሽቷል» ብለውኝ ነበር፣ «አብሽሩ ጋሼ፣ አየሩ ነው» አልኳቸው፣ አላመኑኝም መሰለኝ።

በየቀኑ ጠንካራ። በሳምንት አንዴ፣ ቢበዛ ሁለቴ፣ መሀሉ ቢያንስ ሁለት ቀን። ሌላው ቀን ቀላሉ ነው።

ወዲያው ምትቆሙባቸው ምልክቶች

- ደረት ላይ ሚጫን ወይም ሚያቃጥል ስሜት፣ በተለይ ወደ ግራ እጅ፣ ወደ አንገት ወይም ወደ መንጋጋ ሚሄድ
- ብዥ ማለት፣ መውደቅ፣ ቀዝቃዛ ላብ
- ምቱ ሥርዓት አጥቶ አንዴ ሮጦ አንዴ ቆም ሲል
- ቀስ እያላችሁ ሳለ ድንገት ዘሎ ወጥቶ፣ በጣት ቆጥራችሁም እውነት ሆኖ፣ 10 ደቂቃ አርፋችሁም ሳይወርድ ሲቀር
- አርፋችሁም ትንፋሽ ሳይመለስ ሲቀር

አቁሙ፣ ተቀመጡ ወይም ተኙ፣ አጠገባችሁ ላለ ሰው ንገሩ። ደረት ላይ ያለው ነገር ከሆነ «ትንሽ ልረፍና» ብሎ ቤት መሄድ የለም፣ በቀጥታ ሆስፒታል፣ እሱም ብቻችሁን ባጃጅ ይዛችሁ ሳይሆን ከሰው ጋር።

ከዚህ በኋላ ጥያቄ ይዛችሁ ስትመጡ ሰዓቱን ብቻ አታሳዩኝ። ዕድሜ፣ የጠዋቱ ምት፣ የ4ኛው ዙር መጨረሻ፣ የአንድ ደቂቃዋ ልዩነት፣ እነዚህን አራቱን ጽፋችሁ ኑ፣ በጣት መቁጠራችሁንም እጠይቃለሁ።